ጄፒ-8000ን ለእኛ ዜማ ማሰናዳት

ከያማሃ ፒኤስአር ኪቦርድ ወደ ሮላንድ ጄፒ-8000 ሲንተሳይዘር የሚሻገር ኪቦርዲስት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስታይሉ የት ነው?» ብሎ ነው። ስታይል፣ ማለትም ራሱ የሚጫወት የተዘጋጀ አጃቢ፣ የለውም። ፒያኖ፣ አኮርዲዮን፣ ከበሮ፣ የተቀዳ ማሲንቆ፣ አንዱም የለውም። የራሱ ስፒከር እንኳ ስለሌለው ከሚክሰር ወይም ከሄድፎን ጋር ካልተገናኘ ዝም ነው። ቁልፎቹ 49 ብቻ ናቸው፣ አራት ኦክታቭ። «ታዲያ ምን አለው?» ለሚሉኝ የሽምብጥ ሰፈር ልጆች መልሴ አጭር ነው፦ ፊቱ ላይ የተደረደሩት ስላይደሮች፣ በጣት የሚገፉት መቆጣጠሪያዎች። እዚህ የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው፤ በተለይ በአራቱ ቅኝቶች ለሚጫወት፣ ባሕር ዳር ሰርግ ላይም ሆነ ጣና ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ ከማሲንቆ ተጫዋችና ከድምፃዊ ጎን ለሚቆም ሰው።

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ገበያ ላይ የዋለ ነው። ምርቱ ከቆመ ብዙ ዘመን ስለሆነው አዲስ አታገኙም። ያኔ «ቨርቹዋል አናሎግ» የሚባለው አሠራር ገና ትኩስ ነበር፤ የስዊድኑ ክላቪያ በ1995 ኖርድ ሊድን አውጥቶ መንገዱን ከፍቶ ነበር፣ ሮላንድ በጄፒ-8000፣ ያማሃ በኤኤን1ኤክስ ተከተሉት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ1970ዎቹ ሲንተሳይዘሮች ውስጥ ድምፁን የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ዑደት ነበር፤ ክፍሉ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከቅኝት ይወጣ ነበር። ቨርቹዋል አናሎግ የዚያን ዑደት ጠባይ በቺፕ ላይ በሒሳብ ያሰላዋል። ስለዚህ ቅኝቱ አይሸሽም፣ ድምፁ ግን እንደ ድሮዎቹ በእጅ የሚቀረጽ ነው። ፒኤስአር ላይ ማሲንቆ ስትመርጡ አንድ ሰው ተጫውቶ የተቀዳውን ትሰማላችሁ። እዚህ ግን ቁልፉን ስትነኩ ድምፁ በዚያች ቅጽበት ይፈጠራል፤ እየተጫወታችሁም ትለውጡታላችሁ። ስሙ የሮላንድን አሮጌ ጁፒተር-8 ያስታውሳል እንጂ ያንን መሣሪያ አይደለም። ከጄዲ-800 ጋርም አታምታቱት፤ እሱ የተቀዱ ሞገዶችን ይዞ የሚሠራ ሌላ ፍጥረት ነው።

ስትገዙ

የምትገዙት ያገለገለ ነው፣ ምናልባትም ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣ። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው 117 ቮልት ይፈልጋል፤ የኛ ግድግዳ 220 ነው። የኔው የአሜሪካ ስለሆነ የትም ስሄድ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይዤ ነው። «የኪቦርድ ብቻ» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ፤ ምክንያቱም ሰርግ ድንኳን ውስጥ ባዶ ሶኬት ያየ ሰው ሁሉ ስልኩን ይሰካል።

ቀጥሎ ስላይደሮቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ስታንቀሳቅሷቸው ቁጥሩ በትንሿ ዲስፕሌይ ላይ ይወጣል፣ አብዛኞቹ ከ0 እስከ 127። ከታች ወደ ላይ በዝግታ ግፉና ቁጥሩን ተከታተሉ። የሚዘል ከሆነ፣ ወይም እጃችሁ ቆሞ ቁጥሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ውስጡ አቧራ ገብቷል ወይም አልቋል። አቧራውን የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በኮንታክት ክሊነር ያወጣዋል። ያለቀ ስላይደር ግን መለዋወጫ ፍለጋ ነው፣ እሱም እንደ መሣሪያው ከገበያ የወጣ ነው። ሻጩ «ሁለት ሦስቱ ትንሽ ያስቸግራሉ» ካለ የትኞቹ እንደሆኑ ጠይቁ። የዲሌይ፣ የማስተጋቢያው፣ ስላይደር ከሆነ ይቻላል። የፊልተር ካትኦፍ፣ ማለትም ፊልተሩ ከየት ጀምሮ እንደሚቆርጥ የሚወስነው፣ ከሆነ ግን አትግዙት።

ውስጡ ደግሞ ያስቀመጣችኋቸውን ድምፆች የምትጠብቅ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ከ20 ዓመት በላይ የኖረ ዕቃ ነውና ተቀይራ ታውቅ እንደሆነ አታውቁም፤ እጃችሁ እንደገባ አስቀይሯት። ከመቀየሯ በፊት ድምፆቹን ወደ ኮምፒውተር አውጡ፣ አወጣጡን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

የድምፁ መንገድ

ኦሲሌተር ድምፁን ይወልዳል፣ ፊልተር እንደ ወንፊት የማይፈለገውን ያስቀራል፣ አምፕ መጠኑን ይይዛል፣ በመጨረሻ ኢፌክት ይቀባዋል። ፊት ላይ ያሉት ስላይደሮችም በዚሁ ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ተቀምጠዋል፤ መሣሪያውን ለተማሪ የሚያስወድደው ይህ ነው።

ሁለት ኦሲሌተሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰባት ዓይነት ሞገድ አለው፦ ሱፐር ሶው፣ ትራያንግል ሞድ፣ ኖይዝ፣ ፊድባክ፣ ስኩዌር፣ ሶው እና ትራያንግል። ከሥራቸው ያሉት ኮንትሮል 1 እና ኮንትሮል 2 የሚባሉት ስላይደሮች ሥራቸው እንደተመረጠው ሞገድ ይለዋወጣል፤ ስኩዌር ላይ ስፋቱን ይቀይራሉ፣ ሱፐር ሶው ላይ ፈጽሞ ሌላ ነገር ይሠራሉ። ሁለተኛው ኦሲሌተር ስኩዌር፣ ትራያንግል፣ ሶውና ኖይዝ ብቻ ነው ያለው፤ በምትኩ ከመጀመሪያው በላይ ወይም በታች ልታደርጉትና በጥቂቱ ልታዛቡት ትችላላችሁ። ፊልተሩ ሦስት ዓይነት ነው፦ ላይኛውን ድምፅ የሚቆርጠው ሎው ፓስ፣ ታችኛውን የሚቆርጠው ሃይ ፓስ፣ መሐሉን ብቻ የሚያሳልፈው ባንድ ፓስ። የመቁረጫው ጥንካሬ 12 ወይም 24 ዲሲቤል ይሆናል።

በአንድ ጊዜ የሚሰሙት ድምፆች ስምንት ናቸው። ሁለት ድምፅ በአንድ ቁልፍ ብትደርቡ፣ ማለትም ዱዋል ብታደርጉት፣ አራት ኖታ ብቻ ይቀራችኋል። ከጃዝ ኮርድ ጋር ለሚኖር ሰው ይህ ጥበት ነው፤ ለኛ ግን ብዙም አይጎድልም፣ ዜማችን የሚቆመው በአንድ መስመር ነውና።

ሱፐር ሶው፣ ዝነኛው

ጄፒ-8000ን ዓለም የሚያውቀው በሱፐር ሶው ነው። አንድ ቁልፍ ስትነኩ ሰባት የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያላቸው ሞገዶች አብረው ይነሣሉ፤ አንዷ መሐል ላይ በልክ ትቆማለች፣ ስድስቱ ግራና ቀኟ ከቅኝት ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ኮንትሮል 1 ምን ያህል እንደሚራራቁ ይወስናል፣ ኮንትሮል 2 ስድስቱ ምን ያህል ጎልተው እንደሚሰሙ። ሁሉም ከአንድ ነጥብ ስለማይነሡ ያንኑ ኖታ ሁለቴ ብትመቱ ድምፁ በትክክል አይደገምም፤ ሕይወት ያለው የሚያስመስለውም ይህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ ትራንስ ሙዚቃ በዚህ ድምፅ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ዛሬም ኮምፒውተር ላይ ያሉ ብዙ ሲንተሳይዘሮች ያንኑ ስም የያዘ ሞገድ አላቸው።

እኔ ግን ለእኛ ሙዚቃ መጨረሻ ላይ የምደርስበት እሱ ነው። ምክንያቱን በቅኝት ላሳይ። ከዶ የተነሣ ዋናው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በመሐላቸው ግማሽ ድምፅ ልዩነት የትም የለም። ሱፐር ሶው እዚህ ላይ ይመቻል፤ ቢዛባም የሚጋጨው ጎረቤት የለውም። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ዶ እና ሬ ፍላት ተጠጋግተዋል፣ ፋ እና ሶል ፍላትም እንዲሁ። የቅኝቱ ጣዕም ያለው በነዚያ ጠባብ እርምጃዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ ኖታ ግራና ቀኝ የተዛቡ ስድስት አጃቢዎች ይዞ ሲመጣ ጠባቧ እርምጃ ትደበዝዛለች፤ አድማጩ አንቺሆዬ ይሁን ሌላ ነገር ይጠፋበታል። አምባሰልም ከዶ ወደ ሬ ፍላት፣ ከሶል ወደ ላ ፍላት ስለሚጠጋ ያው ነው።

አብሬያቸው የምጫወት አንድ ጋሼ አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሲንቆ የመቱ። ሞገዶቹ ሰባት መሆናቸውን ከነገርኳቸው ወዲህ ስላይደሩን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር «አንተ ልጅ፣ እኔ አንድ ጭራ ይዤ አንተ ሰባት ሆነህ ትመጣብኛለህ?» ይሉኛል።

እና ሱፐር ሶውን እንዲህ ተጠቀሙበት። ለዝግተኛ ትዝታ ብቻ፣ ከኋላ እንደ ጥላ ሆኖ። ኮንትሮል 1 ወደ 35፣ ኮንትሮል 2 ወደ 70። ፊልተር ሎው ፓስ፣ 12 ዲሲቤል፣ ካትኦፍ ከመሐል በታች። የአምፕ አታክ 60 አካባቢ፣ ሪሊዝ 70፤ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ። ኮርድ አትደርድሩበት፤ ዶ እና ሶልን ብቻ ያዙ። ድምፃዊው ስንኙን ሲጨርስና ማሲንቆው ሲቀበል ካትኦፉን በዝግታ ክፈቱት፣ ድምፃዊው ሲመለስ ዝጉት። ይህንን የእጅ ሥራ መሣሪያው ራሱ እንዲይዝላችሁ ከፈለጋችሁ ሞሽን ኮንትሮል የሚባለው ክፍል የስላይደር እንቅስቃሴን ቀርጾ እየደጋገመ ይጫወታል። እኔ ትቼዋለሁ፤ ድምፃዊ በልኬት አይተነፍስም።

ማሲንቆ መሰል መስመር

መሣሪያው ለኔ ዋጋ ያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አለው፤ ጣት ጭራውን የሚነካው በአየር ላይ ነው፣ ከሥሩ የሚጫንበት እንጨት የለም። ስለዚህ ኖታዎቹ መሐል ደረጃ የለም፤ ተንሸራትቶ ነው የሚደረሰው። ደጋኑ ሲሄድና ሲመለስ ደግሞ ድምፁ ውስጥ የሚፋቅ ነገር አለ። ኪቦርድ ላይ ማምጣት ያለብን እነዚህን ሁለቱን ነው፦ መንሸራተቱንና መፋቁን። ጥራት ያለው ሞገድ መፈለግ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ኦሲሌተር 1 ሶው ይሁን፣ ሱፐር ያልሆነው ተራው። ኦሲሌተር 2 ኖይዝ ይሁን፤ በባላንሱ ግን ወደ መጀመሪያው አዘንብሉት፣ ኖይዙ ለብቻው የሚሰማ ከሆነ በዝቷል። ፊልተሩን ባንድ ፓስ፣ 12 ዲሲቤል፣ ካትኦፍ 70 አካባቢ፣ ሪዞናንስ (መቁረጫው ነጥብ ላይ ያለውን ድምፅ የሚያጎላው) 35 አካባቢ አድርጉ። ባንድ ፓስ የመረጥኩት የማሲንቆ ሣጥን ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ወፍራም ታችኛ ድምፅ የለውም፣ ላይኛውም በቆዳው ይታፈናል። ሎው ፓስ ብታደርጉት ቫዮሊን ይመስላል፤ ቫዮሊን ከፈለጋችሁ ፒኤስአሩ አለላችሁ። ፊልተሩ የቁልፉን ከፍታ በመጠኑ እንዲከተል ኪይ ፎሎውን ጥቂት ስጡት፣ አለዚያ ላይኛው ኦክታቭ ይሞታል።

የአምፕ ኤንቨሎፕ፣ ድምፁ የሚነሣበትና የሚወርድበት ቅርጽ፦ አታክ 12፣ ሰስቴይን (ቁልፉ ተይዞ ሳለ የሚቆየው መጠን) እስከ ጥግ፣ ሪሊዝ 10። ቬሎሲቲን፣ ቁልፉ በተመታበት ኃይል ድምፁን የሚለውጠውን፣ አጥፉት። ደጋን ቁልፍ አይመታም፤ በጣት ኃይል የሚጮህ ማሲንቆ ወዲያው ይጋለጣል።

ቀጥሎ ሞኖን (በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ የሚያሰማውን)፣ ሌጋቶንና ፖርታሜንቶን (ከኖታ ወደ ኖታ የሚያንሸራትተውን) አብሩ። የፖርታሜንቶውን ጊዜ 20 አካባቢ አድርጉ፤ ከዚያ በላይ ከሄደ የአምቡላንስ ሳይረን ነው። ሌጋቶ ሲበራ አንድ ቁልፍ ሳትለቁ ሌላውን ብትይዙ ድምፁ እንደ አዲስ አይነሣም፣ በዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ ጣታችሁ ደጋን ሆነ ማለት ነው፦ ሳትለቁ የምትያያዟቸው ኖታዎች በአንድ ደጋን የተጫወቱ ናቸው፣ ጣት ስታነሡ ደጋኑ ተመለሰ። ማሲንቆ ተጫዋች አጠገብ ተቀምጣችሁ ደጋኑ የት እንደሚዞር ካላያችሁ ይህን አትማሩትም። እኔ የጋሼን እጅ እያየሁ ነው የለመድኩት፤ እሳቸው ስንኙ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ይመልሱታል፣ ምቱ ላይ አይደለም።

የግራ እጅ ሥራ ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ የቤንድ ሊቨሩ ነው። ክልሉን ሁለት ግማሽ ድምፅ አድርጉት፤ ኖታውን ከመንካታችሁ በፊት ሊቨሩን ወደ ግራ ያዙት፣ ነክታችሁ ልቀቁት። ድምፁ ከታች ተነሥቶ ልኩ ላይ ይቆማል። አንቺሆዬ ላይ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያዙት፤ ሁለት ግማሽ ድምፅ ከወረዳችሁ ሶል ፍላቷን ከፋ በታች ትጀምሯታላችሁ፣ ቅኝቱም ይናጋል። ሊቨሩን ወደ ፊት ብትገፉት ንዝረት ይመጣል፤ ማሲንቆ ላይ ንዝረት በኖታው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይመጣም።

ሌላው አማራጭ ሪበኑ ነው፣ ከቁልፎቹ በላይ የተዘረጋው በጣት የሚታሽ ጠፍጣፋ መስመር። የምትፈልጉትን ስላይደር ለእሱ ታዛላችሁ፤ የኔ ምርጫ ካትኦፍ ነው። ጣት ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ይከፈታል፣ ደጋኑ ጠንክሮ እንደተጫነ። ሪበኑንና ሊቨሩን አብራችሁ ለመሥራት አትሞክሩ፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ግራ እጅ ነው። ለቀረርቶና ለፉከራ ሪበኑ፣ ለትዝታና ለባቲ ሊቨሩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የሚወጣው ማሲንቆ አይደለም፣ ማሲንቆን የሚያውቅ ሲንተሳይዘር ነው። ስለዚህ እውነተኛው መድረክ ላይ እያለ በዚያው ኦክታቭ አትከተሉት። አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብላችሁ ተቀበሉት፣ ወይም እሱ ሲያርፍ መልሱ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ የማሲንቆ ተጫዋች ጭራውን የሚቃኘው በድምፃዊው ጉሮሮ ልክ ነው፤ የኛ 440 ኸርዝ፣ መሣሪያዎች ላ ኖታን የሚቃኙበት ልክ፣ አያሳስበውም። እሱን ከማስጨነቅ እናንተ ተጠጉት። ሲስተም ሜኑ ውስጥ ማስተር ቲዩን አለ፤ አንድ ረጅም ኖታ እንዲይዝላችሁ ለምኑትና ሁለቱ ድምፆች መንቀጥቀጥ እስኪያቆሙ አስተካክሉ። ይህን ድምፅ ፍተሻ ላይ ብቻ አታድርጉት፤ ጣና ዳር ክፍት ቦታ ላይ ማታ ነፋሱ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ ጭራው ይለወጣል፣ የናንተው ቺፕ ግን ባለበት ነው።

ዋሽንት፣ ክራር፣ በገና

ዋሽንት ቀላል ነው። ኦሲሌተር 1 ትራያንግል፣ ኦሲሌተር 2 ለትንፋሹ ትንሽ ኖይዝ፣ የአምፕ አታክ 20 አካባቢ። ፒች ኤንቨሎፑን በጣም በጥቂቱ ስጡት፣ ኖታው ሲነሣ ጥቂት እንዲንሸራተት። ንዝረቱን ድምፁን ከሚያወዛውዘው ክፍል፣ ከኤልኤፍኦ 1፣ አምጡት፤ ፌድ የሚለው ስላይደር ንዝረቱ ዘግይቶ እንዲገባ ያደርጋል፣ 60 አካባቢ ጥሩ ነው። ከዚያ ዲሌይ ጨምሩ። ዋሽንት ላይ ኪቦርዲስትን የሚያጋልጠው ግን ሳውንዱ አይደለም፣ አለማረፉ ነው፤ ዋሽንት ነፊ መተንፈስ አለበት። እናንተም በየስንኙ መጨረሻ እጃችሁን አንሡ።

ለክራር ስኩዌር ወስዳችሁ ስፋቱን አጥብቡ፤ ሎው ፓስ 24፣ የፊልተር ኤንቨሎፑ በደንብ ይግባ፣ ዲኬይ (ከተመታ በኋላ የሚወርድበት ጊዜ) 45፣ ሰስቴይን ዜሮ። እዚህ ቬሎሲቲ ይብራ፤ ክራር የሚመታ ነውና። ጥቂት ኮረስ ከሰጣችሁት ወደ ኤሌክትሪክ ክራር ይጠጋል። አርፔጂዬተሩ ለዚህ ድምፅ ጥሩ ጓደኛ ነው፦ ሆልድን አብርታችሁ የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብትይዙ እነሱኑ ብቻ ስለሚያመላልስ ከቅኝት መውጣት አይችልም። አፕ ኤንድ ዳውን የሚለውን ምረጡ። ራንደም ላይ ካደረጋችሁት ከክራርነት ይወጣል።

በገና አሥር ጅማት አለው፣ ያንን የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ ጅማቱና ብርኩማው መሐል የሚገቡት እንዝራ የሚባሉ የቆዳ ቁራጮች ናቸው። ያን መንዘርዘር ለማምጣት ሶውን ዝቅ ባለ ኦክታቭ፣ ስኩዌሩን በጣም አጥብባችሁ አብራችሁ አሰሙና ሁለቱን ኦሲሌተሮች የሚያቆራኘውን ሲንክ አብሩ፤ ፊልተሩ 24፣ ሪዞናንስ ትንሽ ከፍ ይበል። ይወጣል፣ ደስም ይላል። ግን ቤት ውስጥ ለጥናት ወይም በዐቢይ ጾም ለመዝሙር ቀረጻ ነው። ሰርግ ላይ እስክስታ መሐል በገና የሚያስገባ ኪቦርዲስት አይቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ አላጨበጨቡም።

ቤዝ እና ሁለቱ ክፍሎች

ጄፒ-8000 ላይ ሳያስቸግር የሚወጣው ድምፅ ቤዝ ነው። ኦሲሌተር 1 ስኩዌር፣ ኦሲሌተር 2 ሶው አንድ ኦክታቭ ወርዶ፣ ሎው ፓስ 24፣ ካትኦፍ 45፣ ሞኖ። ለችክችካ ሪሊዙን ዜሮ አድርጉት፤ በ6/8 ምት ውስጥ ቤዙ ከከበሮው ምት በፊት ካልተቆረጠ ጭቃ ይሆናል።

ቁልፎቹን ስፕሊት አድርጋችሁ ግራውን ለቤዝ፣ ቀኙን ለማሲንቆ መሰሉ ድምፅ ስጡ። ባንዱ ሦስት ሰው ብቻ ሲሆን ያለ ባሲስት የምንወጣው በዚህ ነው። የግራ እጃችሁ ግን አሁን ቤዝ ላይ ስለሆነ ሊቨሩንም ሪበኑንም አትደርሱባቸውም፤ መንሸራተቱን ለፖርታሜንቶው ተዉት፣ ጊዜውንም ትንሽ ከፍ አድርጉ።

ጀማሪ ሁሉ የሚደናገጥበት ነገር አለ፦ ስላይደር ይገፋል፣ ድምፁ አይለወጥም። መሣሪያው አልተበላሸም። አፐርና ሎወር የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉ፣ ስላይደሮቹም በፓነል ሴሌክት የተመረጠውን ብቻ ያዛሉ። ቤዙን እያስተካከላችሁ ይመስላችኋል፣ የምትነኩት ቀኝ እጅን ነው። ሌላው ድንጋጤ ድምፅ ስትቀይሩ ይመጣል፤ ስላይደሮቹ ሞተር ስለሌላቸው ባሉበት ይቀራሉ፣ ድምፁ ግን በተቀመጠበት ቁጥር ይነሣል። አንዱን ስትነኩ ስላይደሩ ወዳለበት ቁጥር በድንገት ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ድምፅ እንደቀየራችሁ የመጀመሪያውን ንክኪ ድምፃዊው ሲያርፍ አድርጉት።

ማስቀመጥ

የናንተ ድምፅ የሚቀመጥባቸው 128 ቦታዎች አሉ፣ የፋብሪካው 128 ደግሞ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ራይት ተጭናችሁ ካላስቀመጣችሁ የሠራችሁት ሁሉ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፤ ባሕር ዳር መብራት መቼ እንደሚሄድ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ሙሉ ድምፅ ሠርታችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ፤ ፊልተሩን ስትጨርሱ አስቀምጡ፣ ኤንቨሎፑን ስትጨርሱ እላዩ ላይ አስቀምጡ። ስም ስትሰጡም በቅኝቱ ስጡት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እያላችሁ በላቲን ፊደል አሳጥሩት። በጨለማ መድረክ ላይ የምትፈልጉት ቅኝቱን ነው።

ዩኤስቢ የለውም። ወደ ኮምፒውተር ለማውጣት የሚዲ አውት ቀዳዳውን ከዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ጋር አገናኙና ከሜኑው በልክ ደምፕ፣ ሁሉንም ድምፆች በአንድ ላይ የሚልከውን፣ ላኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲስኤክስ የሚባለውን የሚዲ መልእክት የሚቀበል ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ፋይሉን ስልካችሁ ላይም አስቀምጡ። የውስጧ ባትሪ ብትሞት፣ ወይም ጠጋኝ ሲቀይራት ሁሉ ነገር ቢጠፋ፣ ያንን ፋይል መልሳችሁ ትልካላችሁ።

ሐይቅ ዳር ሲኖር

ጣና ዳር ማታ መብራት ያለበት ሁሉ በጥቃቅን በራሪ ይሞላል፤ የስላይደሮቹ ስንጥቅ ለነሱ በር ነው። መብራት ከኪቦርዱ በላይ አታሰቅሉ፣ ወደ ጎን ይሁን። ባትጫወቱበት ጊዜ ነጠላም ሆነ አሮጌ አንሶላ ጣል አድርጉበት። በነጋታው በደረቅ የቀለም ብሩሽ ከስንጥቆቹ ላይ ጥረጉ፤ እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ። በክረምት ሣጥኑ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምሩ። ቤንዚን ወይም ሽቶ ነክ ነገር አትርጩ፤ «ያጸዳዋል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም።

ሚክሰር ላይ አንድ ገመድ ብቻ ካላችሁ ሞኖ የሚል ጽሑፍ ያለበት የግራው አውት ላይ ሰኩት። የቤዙ ልክ መድረክ ላይ ሆኖ አይታወቅም፤ ድምፅ ፍተሻ ላይ አንድ ሰው ግራ እጃችሁን እንዲጫወትላችሁ አድርጉና ድንኳኑ ጥግ ድረስ ሄዳችሁ ስሙ። እዚያ ቢያጉረመርም ካትኦፉን ጥቂት ክፈቱ እንጂ ድምፁን አትቀንሱ።

49 ቁልፍ ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ላይ ተጋድሞ ይገባል። ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ በስላይደሮቹ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ጣል አድርጉበት። ትራንስፎርመሩን ግን እግራችሁ ሥር አስቀምጡት፤ የፋሲሎ አካባቢ ጉድጓዶች ላይ ከኪቦርዱ በላይ የተጫነ ብረት ስላይደር ይሰብራል።